ሳተላይት በማይደርስበት፤ ስልክ በሕንፃ ውስጥ ቦታውን እንዴት ያውቃል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ምሽት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ዉስተር በተባለች ከተማ፣ አገልግሎት መስጠት ያቆመ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። መጋዘኑ ቅዝቃዜን ይዞ እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱም የሌለ ያህል ነበር። በውስጡ መጠለያ ያጡ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ ተብሎ ስለተሰጋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጭሱ በድንገት ከበደ። ሁለት ሠራተኞች መውጫው እንደጠፋባቸውና የያዙት አየር እያለቀ መሆኑን በሬዲዮ አስታወቁ፤ በየትኛው ፎቅ፣ በየትኛው ማዕዘን እንዳሉ ግን ለማስረዳት አልቻሉም። እነርሱን ፍለጋ ከገቡት ባልደረቦቻቸው መካከልም አራቱ በዚያው ቀሩ። ስድስቱም ሞቱ። ሬዲዮው ድምፃቸውን አድርሷል፤ ያሉበትን ቦታ ግን ሊያደርስ አልቻለም።

በዚያው ከተማ የሚገኘው የዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከዚህ አደጋ በኋላ አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። በሕንፃ ውስጥ ያለን ሰው ቦታ፣ ሕንፃው አስቀድሞ ምንም ዝግጅት ሳይደረግበት፣ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይቻላልን? ጥያቄው የእነርሱ ብቻ አልነበረም። በማያውቀው ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍሉን ለብቻው ማግኘት የሚፈልግ ዓይነ ስውር፣ በትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ መውጫው የጠፋበት እንግዳ፣ በመጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ሮቦት፣ ሁሉም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከመልሱ ከፊሉን በውስጡ ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ መልስ እስከ ምን እንደሚሄድና ከምን ላይ እንደሚቆም ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳተላይቱ ለምን አይበቃንም?

በመንገድ ላይ ስንሆን ስልካችን ያለንበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረናል። ይህን የሚያደርገው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ፣ ሞገዱ ለጉዞው የፈጀውን ጊዜ በማስላት ነው። ይሁንና ያ ሞገድ ምድር ሲደርስ ኃይሉ ከአንድ ዋት 10 ሺህ ትሪሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። ብረት የተጠላለፈበት የኮንክሪት ጣሪያ ይህን ደካማ ሹክሹክታ ይውጠዋል፤ በመስኮት ሾልኮ የሚገባውም ከግድግዳ ግድግዳ እየተንፀባረቀ ስለሚመጣ መንገዱ ይረዝማል፤ ስልኩም የረዘመውን መንገድ እውነተኛ ርቀት አድርጎ ይቆጥረዋል። የዋይፋይ ማሠራጫዎችን እንደ ምልክት መጠቀም ይቻላል፤ በብዙ ሕንፃዎችም ይሠራበታል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ማሠራጫዎቹ አስቀድመው መተከላቸውንና መብራት አለመጥፋቱን ይጠይቃል። በእሳት ቃጠሎ ጊዜ ሁለቱም አይታመኑም። ስለዚህ ከውጭ ምንም ምልክት ሳይጠብቅ ራሱን በራሱ የሚከታተል መሣሪያ ያስፈልገናል።

በጨለማ ሻማ እንደ መፈለግ

ማታ መብራት ሲጠፋ ከሳሎን ተነሥተን ሻማ ወዳለበት ወጥ ቤት እንዴት እንደምንሄድ እናስታውስ። የተነሣንበትን ወንበር እናውቃለን፤ አራት እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ እያልን በልባችን እንቆጥራለን። መነሻን፣ አቅጣጫንና የተጓዝነውን ርቀት ካወቅን ያለንበትን ቦታ በስሌት እናገኘዋለን ማለት ነው። መርከበኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ውቅያኖስ ያቋረጡት በዚሁ ዘዴ ነበር። ሆኖም በጨለማው ውስጥ የምናደርገውን አንድ ሌላ ነገር ልብ ልንል ይገባል፤ እጃችንን ዘርግተን የበሩን መቃን እንዳስሳለን። መቃኑን በነካን ቅጽበት እስከዚያ ድረስ በቆጠራችን ላይ የተጠራቀመው ስሕተት ሁሉ ይሰረዛል፤ ከዚያ ወዲያ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህች የመቃን ነገር ከዚህ በታች ደጋግማ ትመጣለች።

በዚህ ረገድ ከሰው ይልቅ የተካነ ፍጡር አለ። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሚኖረው ካታግሊፊስ የተባለው ጉንዳን ምግብ ፍለጋ ወዲህና ወዲያ ሲዞር ውሎ፣ ምግብ እንዳገኘ በቀጥታ መስመር ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። አቅጣጫውን ከሰማይ ብርሃን ያገኛል። ርቀቱንስ በምን ያውቃል? የጀርመንና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን በቱኒዝያ በረሃ ፈትነዋል። ጉንዳኖቹ ከጉድጓዳቸው 10 ሜትር ርቀው ምግብ እንዳገኙ ተይዘው፣ ከፊሎቹ በእግራቸው ላይ የአሳማ ፀጉር እየተለጠፈ እግራቸው እንዲረዝም፣ ከፊሎቹ ደግሞ እግራቸው ተቆርጦ እንዲያጥር ተደረገ። እግራቸው የረዘመው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጉድጓዱን አልፈው 15 ሜትር ያህል ሄዱ፤ እግራቸው ያጠረው 6 ሜትር ሳይሞሉ ቆመው ጉድጓዳቸውን መፈለግ ጀመሩ። ጉንዳኑ እርምጃውን ይቆጥራል ማለት ነው። ሙከራው ለጉንዳኖቹ ጭካኔ ያለበት ቢሆንም ለጥያቄው የሰጠው መልስ ግን ጥርት ያለ ነው።

በቺፑ ውስጥ ያለችው ቅንጣት

የስልኩ እንቅስቃሴ መለኪያዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው አክስለሮሜትር ይባላል። በውስጡ ከሲሊከን በተቀረጹ ሞላዎች ላይ የተንጠለጠለች፣ በዓይን የማትታይ ቅንጣት አለች። አውቶቡስ በድንገት ሲነሣ ተሳፋሪው ወደ ኋላ እንደሚንጋደድ፣ ስልኩ በድንገት ሲንቀሳቀስ ይህች ቅንጣት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከጎኗ ካሉት የካፓሲተር ጥርሶች ጋር ያላት ርቀት ሲለወጥ ኤሌክትሪካዊ መጠኑም ይለወጣል። ከዚህ በመነሣት በሰከንድ ውስጥ የተደረገውን የፍጥነት ለውጥ፣ ማለትም ሽምጠጣን፣ እናገኛለን። ሁለተኛው ጋይሮስኮፕ ነው። በዚህኛው ውስጥ ያለችው ቅንጣት ያለማቋረጥ ትርገበገባለች፤ ስልኩ ሲዞር የኮሪዮሊስ ኃይል ወደ ጎን ይገፋታል፤ የግፊቱም መጠን ስልኩ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የካልኩለስ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሽምጠጣን ከጊዜ አንጻር አንድ ጊዜ ብንደምር ፍጥነት፣ ፍጥነትን እንደገና ብንደምር ርቀት እናገኛለን። ጋይሮስኮፑ አቅጣጫውን ይነግረናል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ችግሩ ያለቀ ይመስላል። ደግሞም በሌላ መስክ ተሠርቶበታል፤ ኖቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በ1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ያለፈችው በዚህ ዓይነት መሣሪያ እየተመራች ነበር። ታዲያ በኪሳችን ያለው ስልክ ይህን ማድረግ ለምን ተሳነው?

ትንሿ ስሕተት ስትደመር

ምላሹ ቁጥሩን በማስላት ይገኛል። በስልክ ውስጥ ያለ ርካሽ አክስለሮሜትር ምንም ሳይንቀሳቀስ በሰከንድ ካሬ 0.01 ሜትር ያህል ሽምጠጣ አለ ብሎ ቢያነብብ እንደ ትልቅ ነውር አይቆጠርበትም፤ ይህ ከመሬት ስበት አንድ ሺህኛው ነው። ይህ ዝንፈት ሁለት ጊዜ ሲደመር ግን የዝንፈቱ ግማሽ በጊዜው ካሬ ተባዝቶ የቦታ ስሕተት ይሆናል። ከ10 ሰከንድ በኋላ ስሕተቱ ግማሽ ሜትር ነው፤ ምንም አይደለም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 18 ሜትር ይሆናል። ከ10 ደቂቃ በኋላ 1,800 ሜትር። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የዋለው ስልክ አራት ኪሎ ሆኖ ሳለ ፒያሳን አልፎ ሄጃለሁ ይላል ማለት ነው።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ከባዱ ከመሬት ስበት ጋር የተያያዘ ነው። አክስለሮሜትር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲነበብ ዜሮ አያሳይም፤ ወደ ላይ 9.8 ያህል ያሳያል፤ ምክንያቱም ሞላዎቹ ቅንጣቷን ከመውደቅ ደግፈው ይዘዋታል። የስበትን ጉተታና የመሣሪያውን መሸምጠጥ በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ሆኖ መለየት እንደማይቻል አልበርት አይንስታይን በ1907 ተገንዝቦ የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ መነሻ አድርጎታል። ለስልኩ መሐንዲስ ግን ይኸው መርሕ የራስ ምታት ነው። ስበቱን ከንባቡ ላይ ለመቀነስ ስልኩ በየትኛው አቅጣጫ ዘንበል እንዳለ በትክክል መታወቅ አለበት። በዝንባሌው ላይ አንዲት ዲግሪ ብንሳሳት፣ ከስበቱ ውስጥ በሰከንድ ካሬ 0.17 ሜትር ያህሉ የአግድም እንቅስቃሴ መስሎ ይገባል። ይህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ስሕተት ያመጣል። ዝንባሌውን የሚነግረን ጋይሮስኮፕ ደግሞ የራሱ ዝንፈት ስላለው፣ የዝንባሌው ስሕተት ራሱ ከጊዜ ጋር ያድጋል፤ በዚህን ጊዜ የቦታው ስሕተት ከጊዜ ካሬ አልፎ ከጊዜ ኪዩብ ጋር ይጓዛል።

በዚህ ላይ ለአገራችን ተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። በመማሪያ መጻሕፍት የስበት ሽምጠጣ 9.81 ተብሎ ይጻፋል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብና ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ በእርሷ ላይ ያለው ስበት 9.78 ገደማ ነው። የ0.03 ልዩነት ለፈተና መልስ ለውጥ አያመጣም። ይህን ሳያርም ቁመትን በድርብ ድምር የሚያሰላ ፕሮግራም ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 54 ሜትር ወደ ታች ሰምጫለሁ ይላል።

የኖቲለስ መሣሪያ ይህን ችግር የቀነሰው ውድና ግዙፍ በመሆኑ ነበር። የስልኩ ቺፕ ግን ከአንድ ምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ብቻ የሆነ ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ ቺፕ እስኪሠራ መጠበቅ አንድ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ መቃን መፈለግ ነው።

የጫማ ተረከዝ እንደ መቃን

ሰው ሲራመድ አንዱ እግሩ መሬት ሲረግጥ ለጥቂት ቅጽበት ፈጽሞ ይቆማል። መለኪያው በጫማ ላይ ቢታሰር፣ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን ያለ ጥርጥር እናውቃለን። ስሌቱ በዚያን ጊዜ ሌላ ቁጥር ካሳየ ያ ቁጥር በሙሉ ስሕተት ነውና ይሰረዛል። በዚህ መልክ ድርብ ድምሩ ደቂቃዎችን መሸከሙ ቀርቶ የአንድ እርምጃን ጊዜ፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ብቻ ይሸከማል። ኤሪክ ፎክስሊን የተባለ ተመራማሪ በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በጫማ ላይ በታሰረ አነስተኛ መሣሪያ አሳይቷል። በእኛ አመለካከት በዚህ መስክ ከታዩት ሐሳቦች ሁሉ እጅግ ውብ የሆነው ይህ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ሳይጨምር፣ የሰውን አረማመድ በማስተዋል ብቻ የተገኘ ነውና።

ስልክ ግን በጫማ አይታሰርም። በኪስ፣ በቦርሳ፣ በእጅ ይያዛል፤ የትም ቦታ ቢሆን ፈጽሞ የሚቆምበት ቅጽበት የለም። ስለዚህ ስልኩ እንደ ጉንዳኑ እርምጃ መቁጠር ይመርጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ አክስለሮሜትሩ ላይ አንድ ጉብታ ይታያልና መቁጠሩ ቀላል ነው። የእርምጃው ርዝመት ግን ከሰው ሰው፣ ከፍጥነት ፍጥነት ይለያያል። ሃርቪ ዋይንበርግ በ2002 ያቀረበውና ዛሬም የሚጠቀሰው ቀመር የእርምጃው ርዝመት በጉብታው ጫፍና በሥሩ መካከል ካለው ልዩነት አራተኛ ሥር ጋር እንደሚመጣጠን ይገልጻል። በዚህ መንገድ ርቀቱ ቢሳሳት በመቶ ሜትር ጥቂት ሜትር ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው አቅጣጫው ነው፤ በአቅጣጫ 10 ዲግሪ መሳሳት በ100 ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ወደ ጎን ይጥለናል። ስልኩ በኪሳችን ተዘቅዝቆ ወይም ተጋድሞ ሲቀመጥ እርሱ የዞረበት አቅጣጫና እኛ የምንሄድበት አቅጣጫ አንድ አለመሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። ከ2018 ወዲህ ተመራማሪዎች ይህን ለማሽን ትምህርት ሰጥተውት፣ ከብዙ ሰዓታት አረማመድ የተማረ የነርቭ መረብ ከንባቡ ብቻ ጉዞውን እንዲገምት በማድረግ ደህና ውጤት አግኝተዋል።

ኮምፓሱስ ለምን አይረዳም ይባል ይሆናል። ስልኩ ማግኔቶሜትር አለው፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ የታደለች ከተማ ናት። ከመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ መግነጢሳዊ መስኩ ከሞላ ጎደል ለጥ ብሎ በአግድም ይጓዛል፤ የአግድም መጠኑም 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር ይኸው መጠን 20 ገደማ ብቻ ሲሆን ቀሪው ወደ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። በአራት ኪሎ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957 እና 58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ሲቋቋም አንዱ መነሻ ይኸው የአዲስ አበባ አቀማመጥ ነበር። ሆኖም ሕንፃ ውስጥ ስንገባ ይህ ሁሉ መታደል ፌሮ ባለበት ምሰሶ፣ በብረት በርና በሊፍት አጠገብ ይበተናል፤ መርፌው ሁለት ሜትር በተራመድን ቁጥር ሐሳቡን ይለውጣል።

ባሮሜትሩ ግን ከተጠበቀው በላይ ጠቃሚ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር ከፍ ስንል የአየር ግፊት 9 ፓስካል ያህል ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ላይ ቢሆን 12 ያህል ነበር። ሦስት ሜትር የሚሆን አንድ ፎቅ እንግዲህ ወደ 27 ፓስካል ነው፤ ባሮሜትር ያለው ስልክም ይህን ይለያል። ለእሳት አደጋ ሠራተኛ በየትኛው ፎቅ ላይ እንዳለ ማወቅ ብቻውን የፍለጋውን ግማሽ ይጨርሳል።

ዓይን ሲጨመር

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ከአንድ ኮሪደር ጫፍ ቆመን ፊት ለፊት ስንመለከት የማስታወቂያ ሰሌዳው ማዕዘን፣ የበሩ እጀታ፣ የመብራቱ ጠርዝ ይታዩናል። ወደፊት ስንራመድ እነዚህ ነጥቦች በዓይናችን ውስጥ ቦታ ይለውጣሉ፤ የቅርቡ በፍጥነት፣ የሩቁ በዝግታ። በአውቶቡስ መስኮት ሲታይ የመንገዱ ዳር ዛፍ እየሮጠ፣ ከኋላው ያለው ተራራ ከእኛ ጋር የሚጓዝ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነጥቦቹ እንዳልተንቀሳቀሱ ካመንን፣ የተንቀሳቀስነው እኛ ነን፤ በምን ያህልና ወዴት እንደ ተንቀሳቀስን ከነጥቦቹ መፈናቀል በጂኦሜትሪ ማስላት ይቻላል። እያንዳንዱ ነጥብ ለስልኩ አንድ የበር መቃን ነው።

ችግሩ ስሌቱ በአንድ ጊዜ ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን መፈለጉ ነው። ካሜራው የት እንዳለ ለማወቅ ነጥቦቹ የት እንዳሉ መታወቅ አለበት፤ ነጥቦቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ደግሞ ካሜራው የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ካርታውንና ተጓዡን አብሮ መፈለግ ማለት ነው። እንግሊዛዊው አንድሩ ዴቪሰን በ2003 በአንዲት ተራ ካሜራ ይህን በሰከንድ 30 ምስል ፍጥነት፣ በዚያው ቅጽበት ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በ2007 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ክላይንና ዴቪድ መሪ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ክፍል ካሜራውን በፍጥነት ይከተላል፣ ሌላው ካርታውን በእርጋታ ያሻሽላል። ከሁለት ዓመት በኋላም ይህንኑ በአይፎን ላይ አሠሩት።

ካሜራ ብቻውን ግን አንድ ሊያርመው የማይችለው ጉድለት አለው። የመጠንን ልክ አያውቅም። የአሻንጉሊት ቤትን ከቅርብ ያነሳ ፊልምና እውነተኛ ቤትን ከሩቅ ያነሳ ፊልም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካሜራው አንድ ሜትር ይሂድ አንድ ሳንቲ ሜትር ከምስሉ ብቻ ሊናገር አይችልም። እዚህ ላይ ያ ስንወቅሰው የቆየነው አክስለሮሜትር ይመጣል። እርሱ ለረጅም ጊዜ አይታመንም እንጂ ለግማሽ ሰከንድ እጅግ ታማኝ ነው፤ የሚናገረውም በሜትር ነው። ካሜራው በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ ታማኝ ሲሆን በፈጣን ዙረት ጊዜ ምስሉ ይደበዝዝበታል። የአንዱ ድክመት የሌላው ብርታት ሆኖ መገኘቱ ለተመራማሪዎች እንደ ሎተሪ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ስሌት በ1960 ሩዶልፍ ካልማን ካሳተመው ሐሳብ የሚመነጭ ነው። ስሌቱ ለእያንዳንዱ መረጃ ከቁጥሩ ጋር የእምነት ልኩን ይይዛል፤ ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ ይበልጥ ወደሚታመነው ያደላል፤ በዚያውም የአክስለሮሜትሩንና የጋይሮስኮፑን ዝንፈት ራሱን እየገመተ ያርማል። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች በመሠረቱ ይህንኑ አድርገዋል። የእንቅስቃሴ መለኪያቸው ቀስ በቀስ አቅጣጫ ስለሚስት ጠፈርተኞቹ በየጊዜው በመነጽር የታወቁ ኮከቦችን እያነጣጠሩ ያስተካክሉት ነበር። የእኛ ስልክ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ማዕዘን በሰከንድ 30 ጊዜ ሲመለከት ያንን የኮከብ ሥራ ይሠራል።

ጉግል ታንጎ በተባለው ፕሮጀክቱ በ2014 ለዚሁ ሥራ የተለየ ካሜራ ያለው ስልክ አስተዋወቀ፤ ፕሮጀክቱ በ2018 ተዘጋ። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ በ2017 አፕልም ጉግልም በተራ ስልክ ካሜራ ይህንኑ የሚያደርግ ፕሮግራም ይዘው ቀርበው ነበርና። መልካም ብርሃን ባለበት ሕንፃ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ዘዴ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከተሄደው ርቀት አንድ በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ተጓዡ ቀድሞ ያለፈበትን ቦታ እንደገና ሲያይና ሲያውቀው ደግሞ ስሌቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መንገድ በሙሉ ያቃናል።

ጊዜን በሚመለከት አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ካሜራውና ጋይሮስኮፑ የሚሠሩበት ሰዓት በ10 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢለያይ፣ በሰከንድ 100 ዲግሪ ፍጥነት የሚዞር ስልክ ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ይፈጠራል። የስልክ ካሜራ ምስሉን ረድፍ በረድፍ ስለሚያነብብም የምስሉ አናትና ግርጌ የአንድ ቅጽበት ምስሎች አይደሉም። ከዘዴው ሥራ ብዙው ክፍል በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ያልቃል።

የሚከሽፍበት ቦታ

ስልኩን ይዘን ሊፍት ውስጥ እንግባ። አክስለሮሜትሩ ወደ ላይ ተነሥተናል ይላል። ካሜራው የሊፍቱን ግድግዳ ሲያይ አንዳች ነጥብ ስላልተንቀሳቀሰ ቆመናል ብሎ ይምላል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ተናግረዋል፤ የተሳሳተው የሚታየው ነገር ሁሉ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ግምታችን ነው። በሰው በተጨናነቀ አዳራሽም ይኸው ይደርሳል። ነጭ ቀለም የተቀባ ባዶ ግድግዳ የሚከተሉት ነጥብ የለውም፤ መስተዋት የሌለ ክፍል ያሳያል፤ ጨለማ ሁሉንም ያጠፋል።

ጭስ ደግሞ አለ። ዉስተር ውስጥ እነዚያን ስድስት ሰዎች ያጠፋው ጭስ ተራ ካሜራን በሴኮንዶች ውስጥ ያሳውራል። ሙቀትን የሚያዩ ካሜራዎች በጭስ ውስጥ ያያሉ፤ ይሁንና የሚያዩት ምስል ደብዛዛ ስለሆነ የሚከተሉት ነጥብ ጥቂት ነው። በጭስ ውስጥ የሚዳኽ ሰው እንደ መንገደኛ አይራመድምና እርምጃ ቆጣሪውም፣ የጫማው ዘዴም ይቸገራሉ። በዚህ ምክንያት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚደረገው ጥናት የጫማ መለኪያን፣ ባሮሜትርንና ከሕንፃው ውጭ ካለ ተሽከርካሪ ጋር የሚነጋገር ሬዲዮን እያጣመረ ይሄዳል። በእኛ እምነት ሠራተኛው ከመግቢያው በር ይዞት የሚገባውን ገመድ የሚጥልበት ቀን ገና ነው።

ለዓይነ ስውሩ መንገደኛ ግን ነገሩ ይቀርባል፤ በሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ብርሃን አለ፤ ስልኩም በደረት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ለእርሱ የሚያሳስበው የስሕተቱ መጠን ነው። 200 ሜትር በተጓዘ ሰው ላይ አንድ በመቶ ሁለት ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር ደግሞ በብዙ ሕንፃዎቻችን በቢሮው በርና በደረጃው አፍ መካከል ያለው ርቀት ነው። በየበሩ ማዕዘን ላይ ካሜራው የሚያውቀው አንዲት የታተመች ምልክት ቢለጠፍ ስሕተቱ በየበሩ ይሰረዛል። ወጪው የወረቀትና የማጣበቂያ ያህል ነው።

በክፍላችሁ ሞክሩት

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች አንባቢው ራሱ እንዲፈትናቸው እንጋብዛለን። በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና በነፃ የሚገኘው ፋይፎክስ የተባለው ፕሮግራም የስልክን መለኪያዎች ንባብ ይመዘግባል። ስልኩን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ የአንድ ደቂቃ የአክስለሮሜትር ንባብ ውሰዱ። ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ የሆኑትን የሁለቱን አቅጣጫዎች አማካይ አውጡ፤ ዜሮ አይሆንም። ቀጥሎም ስልኩን በተኛበት በግማሽ ዙር አዙራችሁ ድገሙት። ምልክቱን የቀየረው ክፍል የጠረጴዛው ዝንባሌ፣ ሳይቀየር የቀረው ደግሞ የመለኪያው ዝንፈት ነው። ዝንፈቱን በግማሽና በ3,600 አባዙት፤ ስልካችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ታገኛላችሁ። ከዚያም አንድ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ በሕንፃው ኮሪደር ዞሮ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመለስ፤ አንዴ እርምጃ በመቁጠር፣ አንዴ በካሜራው ርቀት በሚለካ ፕሮግራም። በተነሣበት ኖራ ምልክትና ስሌቱ ደርሷል ባለው ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት በሜትር ለኩ። ሁለተኛውን ሙከራ መብራት አጥፍታችሁ ድገሙት።